ባቄላን የሚያጠቃው ባለ ሲኒው ሻጋታ ዘመዶቹ እነማን ናቸው?

ክረምቱ እየከበደ ሲሄድ፣ ባቄላው አበባ በያዘበት ሰሞን፣ ቅጠሉ ላይ ትንንሽ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ዝናቡና ጉሙ ለጥቂት ቀናት ካልተለየ ነጠብጣቦቹ ይሰፋሉ፤ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ቅጠሉ ይጠቁራል፤ አበባው ይረግፋል። ትናንት አረንጓዴ የነበረው ማሳ እሳት የላሰው ይመስላል። ይህን ያየ ገበሬ «ባቄላዬን ምች መታው» ይላል። ጎረቤቱም «አዎን፣ ምች ነው» ብሎ ያዝናል። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም። ምች ከሰማይ የመጣ ነዋ! ከሰማይ የመጣውን ማን ይመልሰዋል?

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ደጋ ላይ ባቄላ እንዲህ ሲጠቁር አብዛኛውን ጊዜ ያጠቆረው ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። ይበላል፣ ያድጋል፣ ዘር ይዘራል። የግብርና ባለሙያዎች በሽታውን «ቸኮሌት ስፖት» ይሉታል። ነጠብጣቡ የቸኮሌት ቀለም አለው ለማለት ነው። ቸኮሌት አይቶ ለማያውቅ ሰው ታዲያ ይህ ስም ምን ይረዳዋል? የተቆላ ቡና ቀለም ቢሉት ይሻል ነበር። ለማንኛውም፣ ይህ በሽታ በከፋ ዓመት ከግማሽ በላይ ምርት ሊወስድ ይችላል። ፍጡሩም ከሩቅ አገር በነፋስ ብቻ የመጣ አይደለም። ባምናው ገለባ ላይ፣ በማሳችሁ ዳር ወይም በጎረቤታችሁ ማሳ ተኝቶ የከረመ ነው።

እኔ ተማሪ ነኝ። ስለ እርሻ የናንተን ያህል አላውቅም። ነገር ግን በትምህርት ቤት አጉሊ መነጽር ያየሁትንና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ስለዚህ ፍጡር ቤተሰብ ልንገራችሁ። ከቤተሰቡ ሌላው ነጭ ሽንኩርታችሁን ያበሰብሳል፤ ሌላው ደግሞ ምስሩንና ጎመኑን ያጠፋል። ስለዚህ ብታውቋቸው አይከፋም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘር መቁጠር

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል። ሽማግሌዎች ወደ ላይ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ለምን? ሁለት ሰዎች መልካቸው ስላልተመሳሰለ ብቻ ዘመድ አይደሉም ማለት አይቻልምና ነው። መልካቸው ስለተመሳሰለም ዘመዳሞች ናቸው አይባልም። የሳይንስ ሰዎችም የፍጡራንን ዘር የሚቆጥሩት እንዲሁ ነው። የቅርብ ዘመድ የሆኑትን ዝርያዎች ባንድ ወገን ያስቀምጣሉ። የሚቀራረቡትን ወገኖች ደግሞ ባንድ ቤተሰብ ይሰበስባሉ። የአንዱን ጠባይ ካወቅን የዘመዱንም ጠባይ ግማሹን አወቅን ማለት ነው። ጥቅሙ ይህ ነው።

ሻጋታ፣ የጅብ ጥላ፣ የጠላ እርሾ፣ የስንዴ ዋግ፣ እነዚህ ሁሉ ባንድ ትልቅ ጎሣ ውስጥ ይቆጠራሉ። ጎሣው ፈንገስ ይባላል። ፈንገስ ተክል አይደለም። ተክል አረንጓዴ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ራሱ ያበስላል። ፈንገስ ግን ማብሰል አያውቅም። የሞተውን ወይም በሕይወት ያለውን እየበላ ይኖራል። አካሉ ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ነው። ክሩ በምግቡ ውስጥ ይሰራጫል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አናየውም። የምናየው ዘር ሊዘራ ብቅ ሲል ነው። ዘሩም እንደ ስንዴ ፍሬ ያለ ሳይሆን ከዱቄት የላመ ብናኝ ነው። እኔ ከእንግዲህ ብናኝ ዘር እለዋለሁ።

ይህ ጎሣ ብዙ ቅርንጫፎች አሉት። ሁለቱ ትልልቆቹ ይበቁናል። አንደኛው ቅርንጫፍ ብናኝ ዘሩን የሚሠራው በትንንሽ ዱላ መሳይ ነገሮች ጫፍ ላይ ነው። የጅብ ጥላና የስንዴ ዋግ ከዚህ ናቸው። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ግን ብናኝ ዘሩን የሚሠራው በከረጢት ውስጥ ነው። አንዱ ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ 8 ብናኝ ዘር ይይዛል። የጠላ እርሾ ከዚህ ከባለ ከረጢቱ ቅርንጫፍ ነው። የባቄላው በሽታም ከዚሁ ነው። አዎን፣ እርሾና የባቄላ ጠላት የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው! ስንዴን የሚያጠቃው ዋግ ግን ለባቄላው በሽታ ይበልጥ ሩቅ ነው። ሁለቱም እህል ያጠፋሉ፣ ሆኖም በዘር አይገናኙም ማለት ይቻላል።

ክዳን ያለውና ክዳን የሌለው

ከባለ ከረጢቶቹ መካከል ሲኒ የሚመስል አካል የሚያወጡ አሉ። ሲኒ ያልኩት ቡና የምንጠጣበትን ነው። አንዳንዱ እንደ ሲኒ ጎድጎድ ይላል፤ አንዳንዱ ሲያረጅ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ይዘረጋል። አንዳንዱ መሬት ላይ ቁጭ ይላል፤ አንዳንዱ ቀጭን እግር አለው። በሲኒው ውስጠኛ ገጽ ላይ ከረጢቶቹ እንደ ክብሪት እንጨት በሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ቁጥራቸው ብዙ ሺህ ነው። አፋቸው ወደ ላይ ነው። ሲበስሉ ብናኝ ዘሩን እንደ ወንጭፍ ወደ አየር ይተፉታል። ሲኒ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው፦ ብዙ ከረጢት ባንድ ስፍራ ቆሞ ወደ ሰማይ እንዲተፋ።

ድሮ ሰዎች ሲኒ የመሰለውን ሁሉ ባንድ ስም ይጠሩት ነበር። ኋላ ግን ኤሚል ቡዲዬ የሚባል የፈረንሳይ ሰው ከረጢቱን ራሱን በአጉሊ መነጽር ተመለከተ። ከረጢቱ ሲፈነዳ አፉ እንዴት ይከፈታል? አንዳንዱ እንደ እንስራ ክዳን አለው፤ ክዳኑ ብድግ ይልና ብናኝ ዘሩ ይወጣል። አንዳንዱ ክዳን የለውም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይከፈታል። ቡዲዬ በ1885 ባለ ሲኒዎቹን በዚህ ምልክት ለሁለት ከፈላቸው፣ ባለ ክዳንና ክዳን የለሽ ብሎ። ነገሩ የትንሽ ነገር ትንሽ ይመስላል። ዓይን የማያየው ከረጢት ላይ ያለ፣ ይበልጥ የማይታይ ክዳን! ነገር ግን ምልክቱ እውነተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ የዘር ምርመራ በሌላ መንገድ ሲደረግም፣ ባለ ክዳኖቹ ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባሉ። ጫካ ውስጥ በበሰበሰ እንጨትና በፋንድያ ላይ የሚታዩት ብዙዎቹ ትልልቅ ሲኒዎች ባለ ክዳን ናቸው፤ ለእህልም ብዙ አያስቸግሩም። የኛዎቹ ጠላቶች ግን ከክዳን የለሾቹ ናቸው።

ስሙ ረዘም ያለው ቤተሰብ

የቤተሰቡ ስም ስክሌሮቲኒያሴኤ ነው። አትደንግጡ፤ ቀስ ብላችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት፦ ስክ፣ ሌ፣ ሮ፣ ቲ፣ ኒ፣ ያ፣ ሴ፣ ኤ። ስሙ የመጣው ጠንካራ ማለት ከሆነ የግሪክ ቃል ነው። ይህን ቤተሰብ እንደ አንድ ቤት ለይቶ ስም የሰጠው ኸርበርት ዌትዝል የተባለ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ ነው። ጽሑፉ የወጣው በ1945 ነው፤ እሱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1944 ሞቶ ነበር።

ዌትዝል ቤተሰቡን የለየው በምንድን ነው? በሲኒው መልክ ብቻ አይደለም። ሲኒው ከምን እንደሚበቅል ተመለከተ። የዚህ ቤት ልጆች ሲኒ የሚያወጡት ካስቀመጡት ስንቅ ነው። ክሩ ተጠቅልሎ፣ ተጠቅጥቆ፣ ውጭው ጠቁሮ እንደ ጠጠር ይጠነክራል። ውስጡ ግን ነጭና ስንቅ የሞላበት ነው። እኔ ይህን «ጥቁር ጠጠር» ብዬ እጠራዋለሁ። ድንጋይ አይደለም፤ ሕይወት አለው፤ ተኝቷል። ድርቁን፣ ብርዱን፣ ምግብ የሌለበትን ወቅት እንደ ጎተራ እህል ሆኖ ያልፈዋል። ጊዜው ሲመች ይነቃል። እንግዲህ የዚህ ቤተሰብ ልብ ሲኒው ሳይሆን ጥቁሩ ጠጠር መሆኑን አስታውሱ፤ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

አንዳንዶቹ ጠጠሩን ከራሳቸው ክር ብቻ ይሠሩታል። አንዳንዶቹ ደግሞ የበሉትን ቅጠል ወይም ፍሬ ራሱን አድርቀው እንደ ጠጠር ያደርጉታል። በ1997 ተመራማሪዎች የዘር ምርመራ አድርገው ከቤተሰቡ የተወሰኑትን አውጥተው በሌላ ቤት አስቀመጧቸው። ዘር መቁጠር እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ማስረጃ ሲገኝ ይታረማል።

ነጩ ጥጥ

የቤተሰቡ ታላቅ ወንድም ስክሌሮቲኒያ ስክሌሮቲዮረም ይባላል። መጀመሪያ ያየችውና በ1837 የጻፈችለት ሴት ናት፤ ማሪ አን ሊበር ትባላለች፣ ዛሬ ቤልጅየም በሚባለው አገር ማልሜዲ በምትባል ከተማ የኖረች። በዚያ ዘመን ሴት ሳይንስ አጥና የሚላት አልነበረም። እሷ ግን አጠናች።

ይህ ሻጋታ ሆዳም ነው። ከ400 በላይ የተክል ዓይነት ይበላል። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ጎመን ዘር፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ሱፍ አይቀረውም። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ማሽላ ግን አይመቹትም። ይህን ልዩነት ያዙት።

ኑሮው እንዲህ ነው። ጥቁሩ ጠጠር አፈር ውስጥ ተኝቷል። አንዳንዱ የስንዴ ፍሬ ያህላል፤ አንዳንዱ ከአተር ይበልጣል። ቅርጹ ወጣ ገባ ስለሆነ የአይጥ ኩስ ይመስላል። ከ5 ዓመት በላይም መቆየት ይችላል። አፈሩ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ሲሰነብት፣ አየሩም ቀዝቀዝ ሲል፣ ከጠጠሩ ቀጭን እግር ወደ ላይ ይወጣል። እግሩ በጨለማ ውስጥ ብርሃን ፍለጋ ይሄዳል። ብርሃን ሲያገኝ ጫፉ ይሰፋና ሲኒ ይሆናል። ሲኒው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፤ ስፋቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከአንድ ጠጠር ብዙ ሲኒ ሊወጣ ይችላል። ጠጠሩ ግን ከሁለት ጣት ወይም ከሦስት ጣት በላይ ጠልቆ ከተቀበረ እግሩ ሳይደርስ ይቀራል።

ይህን ሲኒ ያየው ገበሬ ጥቂት ነው። የሚወጣው ቅጠሉ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ፣ ከጥላው ሥር ነው። ክረምት ላይ፣ ባቄላው ወይም ምስሩ ሲያብብ፣ ጎንበስ ብላችሁ ግንዱን ገለጥ አድርጋችሁ ፈልጉት። ካገኛችሁት እፍ በሉበት፤ አንዳንዴ ጭስ የመሰለ ነገር ቡን ብሎ ሲወጣ ታያላችሁ። ያ ጭስ ብናኝ ዘር ነው። አንድ ሲኒ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ብናኝ ዘር ይተፋል።

ብናኝ ዘሩ ጠንካራውን ቅጠል በቀጥታ ለመውጋት አቅም የለውም። መጀመሪያ ምግብ ይሻል። ስለዚህ የረገፈ የአበባ ቅጠል ላይ ያርፋል። የአበባው ቅጠል ግንዱ ላይ ተጣብቆ ሲቀር፣ ሻጋታው እሱን በልቶ ይጠነክርና ወደ ግንዱ ይሻገራል። የሚያመነጨው አሲድ የተክሉን ሥጋ ያልማል። በእርጥብ ጊዜ ግንዱ ላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። ግንዱ ይነጣል፣ ይላላል፣ ይሰበራል። የሞተውን ግንድ ብትሰነጥቁት ውስጡ ምን አለ? አዲስ ጥቁር ጠጠር! ያ ጠጠር በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ይረግፋል፤ ወይም ከእህሉ ጋር ወደ ጎተራ ይገባል፤ ከጎተራም ከዘሩ ጋር ተመልሶ ወደ ማሳ ይሄዳል። ሰው ጠላቱን በገዛ እጁ ይዘራዋል።

የባቄላው ጠላት ሁለት ስም ነበረው

አሁን ወደ ተነሳንበት እንመለስ። ባቄላን የሚያጠቁረው ሻጋታ ቦትራይቲስ ፋቤ ይባላል። ፋባ ማለት በላቲን ባቄላ ነው። በ1929 በስፔን አገር ሳርዲኛ የተባለ ተመራማሪ ለይቶ ሰየመው። ቦትራይቲስ የሚለው ቃል ደግሞ ከግሪክ የወይን ዘለላ ከሚለው የመጣ ነው። ለምን ቢባል፣ ይህ ወገን ያለ ከረጢትና ያለ ሲኒም ዘር መዝራት ይችላል። ከሞተው ቅጠል ላይ ቀጫጭን ግራጫ ዘንጎች ያወጣል፤ በዘንጎቹ ጫፍ ብናኝ ዘሩ እንደ ወይን ዘለላ ይንጠለጠላል። ነፋስና የዝናብ ጠብታ ያራግፈዋል። በእርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይበቅላል፤ አዲስ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ከዚያም አዲስ ዘለላ። በአንድ ክረምት ውስጥ ይህን ደጋግሞ ስለሚያደርግ ነው ማሳው በጥቂት ቀን ውስጥ የሚጠቁረው። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ቅዝቃዜና የማያባራ እርጥበት በጣም ይስማማዋል። ሰማዩ ሲጠራና ቅጠሉ ሲደርቅ ደግሞ ነጠብጣቡ ባለበት ይቆማል። «ምች ነው» ያሰኘውም ይኸው ከአየሩ ጋር መምጣቱና መሄዱ ነው። አባቶች ያዩት እውነት ነው፤ አየሩ ድርሻ አለው።

እንግዲህ አንድ ፍጡር ሁለት መልክ አለው ማለት ነው፦ አንዴ ግራጫ ሻጋታ፣ አንዴ ሲኒ። ድሮ ሻጋታውን ያየ ሰው አንድ ስም ሰጠው፣ ሲኒውን ያየ ሌላ ስም ሰጠው። ሁለቱ አንድ መሆናቸው ቶሎ አልታወቀም። የፋቤ ታላቅ የሆነውንና ወይንንና እንጆሪን የሚያበሰብሰውን ግራጫ ሻጋታ ግሮቭስና ድሬይተን የተባሉ የካናዳ ሰዎች አሳድገው፣ ሲኒ እንዲያወጣ አድርገው፣ በ1939 ማስረጃውን አቀረቡ። የባቄላው ሻጋታ ሲኒ ደግሞ በ1991 በቻይና ተመራማሪዎች ተጻፈ። በ2011 በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ የተሰበሰቡ የዕጽዋት ሊቃውንት ግን «ለአንድ ፈንገስ አንድ ስም ይበቃል» ብለው ወሰኑ። ዛሬ ለሻጋታውም ለሲኒውም ቦትራይቲስ የሚለው ስም ይሠራል። እውነቱን ለመናገር፣ ተማሪን ከብዙ ሽምደዳ አድኖታል።

ማሳ ላይ የባቄላውን ሻጋታ ሲኒ አታገኙትም ማለት ይቻላል። ጥቁር ጠጠሩን ግን ታገኙታላችሁ። በሞተው የባቄላ አገዳ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ጥቁር ነጥብ ካለ እሱ ነው።

ሲኒ የሌለው ወንድም

ከዚህ ቤተሰብ እጅግ የሚገርመኝ የነጭ ሽንኩርቱ ነው። ሲኒ የለውም። ብናኝ ዘርም የለውም ማለት ይቻላል። ሲኒ የሌለው ፍጡር በባለ ሲኒዎች ቤት እንዴት ተቆጠረ? በጥቁሩ ጠጠርና በዘር ምርመራ ነው። መልኩ ሌላ፣ ዘሩ ግን አንድ።

ይህ ሻጋታ ቀዝቃዛ አገር ይወዳል፤ በአገራችን ደጋ ነጭ ሽንኩርት አምራቾችንም አስለቅሷል። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፤ ሲጎትቱት በቀላሉ ይነቀላል፤ ተረከዙ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ። በጥጡ መካከል ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ክብ ጥቋቁር ጠጠሮች እንደ ጥቁር አዝሙድ ስባሪ ተበትነዋል። እነዚህ ጠጠሮች አፈር ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ዝናብ ብቻ አይቀሰቅሳቸውም። የሽንኩርት ሥር ሽታ ሲደርሳቸው ብቻ ይነቃሉ። ማሳውን 5 ዓመት ስንዴ ብትዘሩበት ይተኛሉ፤ በ6ኛው ዓመት ነጭ ሽንኩርት ስትተክሉ «መጣህ?» ብለው ይነሳሉ። ነፋስም አያዛምታቸውም። የሚያዛምታቸው ሰው ነው፦ በዘር ሽንኩርት፣ በማረሻና በዶማ ላይ በተጣበቀ ጭቃ፣ በከብት ኮቴ። ጎርፍም ይረዳቸዋል።

የቤቱ ሌሎች ልጆች በአውሮፓና በአሜሪካ ኮክና መሰል ፍሬዎችን ያበሰብሳሉ። የበሰበሰው ፍሬ ደርቆ፣ ተጨማድዶ መሬት ላይ ይወድቃል፤ በሚቀጥለው ወቅት ከደረቀው ፍሬ ላይ ሲኒ ይበቅላል። በእነሱ ብዙ አልቆይም።

የሚመስል ግን ዘመድ ያልሆነ

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነውና። ጥቁር ጠጠር ሁሉ የዚህ ቤት አይደለም። በገብስ ማሳ ውስጥ በሚበቅል ስናር ራስ ላይ፣ ፍሬው መሆን በሚገባው ቦታ፣ ረዘም ያለ ጠቆር ያለ ቀንድ መሳይ ነገር ይታያል። ይህ ኤርጎት ይባላል። እሱም ፈንገስ ነው፤ ባለ ከረጢት ነው፤ ጠጠርም አለው። ቤቱ ግን ሌላ ነው። ሲነቃ ሲኒ አያወጣም፤ እንደ ከበሮ መምቻ ድቡልቡል ራስ ያለው ዘንግ ያወጣል። ጠጠሩም መርዝ አለው። በ1977 እና በ1978 በወሎ ከስናር ጋር ተቀላቅሎ ከተበላ እህል የተነሳ ብዙ ሰዎች እግራቸውና እጃቸው እየጠቆረና እየደረቀ ተጎዱ፤ የሞቱም አሉ። በ2001 በአርሲም ደርሷል። ስለዚህ እህል ስትለቅሙ ጥቁር ነገር ካገኛችሁ የየትኛው ቤት ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ ሁለቱንም አውጡ። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ የባቄላው ጠጠር የሚጎዳው ማሳን ነው፤ የስናሩ ጠጠር ግን የሚበላውን ሰው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ቤታቸው አንድ ቢሆንም ሦስቱ የሚያዙበት መንገድ አንድ አይደለም። የሚለያየው ጠጠራቸው የሚቆይበት ዘመንና ዘራቸው የሚሄድበት መንገድ ስለሆነ፣ እኛም በዚያው እንከተላቸዋለን።

የባቄላው ሻጋታ በነፋስ ይሄዳል፣ መነሻው ግን ያምናው አገዳ ነው። ባቄላ ከተወቃ በኋላ ገለባውንና ቀሪውን አገዳ ማሳ ላይ አትተዉት፤ በተለይ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ ከሚዘራበት ማሳ አጠገብ አትከምሩት። ወፍ ዘራሽ ሆኖ የበቀለውን ባቄላ ንቀሉት፤ ሻጋታው በእሱ ላይ ተረማምዶ ነው ወደ አዲሱ ዘር የሚሻገረው። አጠጋግታችሁ አትዝሩ፤ ነፋስ ካላለፈበት ቅጠሉ አይደርቅም። አረሙን በጊዜው አውጡ፤ ውኃ የሚተኛበትን ቦታ በቦይ አጠንፍፉ። በሽታውን ሻል አድርገው የሚችሉ የባቄላ ዘሮች በምርምር ወጥተዋል፤ ለአካባቢያችሁ የሚስማማውን ከግብርና ባለሙያ ጠይቁ። የሚረጭ መድኃኒትም አለ። ነገር ግን ማሳው ከጠቆረ በኋላ ቢረጩት የሞተውን ቅጠል አያስነሳም፤ ነጠብጣቡ እንደታየ ነው ባለሙያ መጠየቅ።

ነጩ ጥጥ ግን ከ400 በላይ ምግብ ስላለው፣ ባቄላ በነበረበት ምስር፣ ምስር በነበረበት ጎመን ዘር ብታፈራርቁ አልተፈራረቀም፤ ለእሱ አንድ ገበታ ነው። ማፈራረቅ ማለት ለሦስትና ለአራት ዓመት ጤፍ፣ ስንዴ ወይም ገብስ መዝራት ነው። ያኔ ጠጠሩ ሲነቃ የሚበላው ያጣል፤ የተቀረውንም በአፈር ውስጥ ያሉ ሌሎች ፈንገሶች ይበሉታል። አዎን፣ ጠጠሩን የሚበላ ፈንገስ አለ። አንዱን በአንዳንድ አገሮች አራብተው ለገበሬ ይሸጡታል። ማረሻችን አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ ስለማይገለብጥ፣ ጠጠሩን ቀብሮ ይገላግለናል ብላችሁ አትመኑ። ዘር ስታዘጋጁ በሰፌድና በወንፊት የአይጥ ኩስ የሚመስለውን ለቅማችሁ እሳት ውስጥ ጨምሩት።

የነጭ ሽንኩርቱ ጠላት አንዴ ከገባ ማፈራረቁም ብዙ አያዋጣም፤ 20 ዓመት ማን ይጠብቃል? ስለዚህ ያለው ብልሃት እንዳይገባ መከልከል ነው። የሰው ማሳ አርሳችሁ ስትመለሱ ማረሻውንና ዶማውን አራግፉ፣ ጭቃውንም እዚያው ጥረጉ። ማሳው ውስጥ ጥቂት ተክል ብቻ ታሞ ካያችሁ፣ ከነአፈሩ ቆፍራችሁ አውጡና ከማሳው አርቃችሁ አቃጥሉ። ገበያ ወርዳችሁ የዘር ሽንኩርት ስትገዙ ደግሞ ትልቅነቱን ብቻ አትዩ። ተረከዙን አገላብጡ፣ ልጣጩን ትንሽ ገለጥ አድርጉ። ነጭ ጥጥ ወይም ከጤፍ ያነሰ ጥቁር ፍሬ ካለበት ከዚያ ሰው ለዘር አትግዙ። ቤት ከመጣ በኋላ ካገኛችሁትም ጤነኛው ለወጥ ይሁን፤ የታመመውና ልጣጩ ግን ወደ ጓሮ ወይም ወደ ፍግ ጉድጓድ እንዳይጣል፣ በቀጥታ ወደ ምድጃ ይግባ።